የጋሽ ሚሊ የጀልባ ጠረጴዛ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከስማቸው እንጀምር። ሽማግሌውን አናጢ ጋሽ ሚሊ ያላቸው ሰፈሩ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ድሮ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ አናጢ «አንድ ሚሊ ክፍተት ምን አላት ጋሼ፣ በኮላ ትሞላለች» ቢላቸው፣ መላጊያቸውን አስቀመጡና «አንድ ሚሊ ጉድፍ ዓይንህ ውስጥ ብትገባስ ምን አላት ትላለህ?» አሉት። ሰውየው መለሰ አልመለሰ አይታወቅም፤ ስሙ ግን በዚያው ተጣበቀባቸው። እሳቸውም አልጠሉትም።

ምራታቸው ወደ ሥራው የገባችው በአጋጣሚ ነው። አግብታ በመጣች በስድስተኛ ወሯ ቁልፍ ልታደርስ ወርክሾፑ ጎራ ብትል፣ አማቷ ዓይናቸውን ጨፍነው የወንበር ክንድ ሲዳስሱ አየቻቸው። እጃቸው በእንጨቱ ላይ ሄደ ሄደና አንድ ቦታ ቆመ። እሷ ጠጋ ብላ ብታይ ምንም የለም፤ በጣቷ ብትነካ ምንም የለም። «ምን አግኝተው ነው አባባ?» ብትላቸው «ነገ ቫርኒሽ ሲነካው ታይዋለሽ» ብለው፣ ለእሷ ብለው ሳያለሰልሱ ተዉት። በማግስቱ መጥታ ብታይ ያቺ ቦታ እንደ ጠባሳ ፈጥጣለች። ከዚያ ወዲያ ከወርክሾፑ የሚያወጣት ጠፋ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መለካቱ፣ መቁረጡና መግጠሙ የእሳቸው፣ ማለስለሱና መቀባቱ የእሷ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የአናጢ ልጅ ቢሆንም እንጨት የሚያውቀው ሲጭነው ብቻ ነው።

ጣጣው የጀመረው በአንድ ቁም ሳጥን ነው። አንዲት ነርስ ያሠራችው ቁም ሳጥን ተመልሶ መጣ፤ አንደኛው በር ከሌላው ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። በአርባ ሁለት ዓመት ሥራ የተመለሰባቸው የመጀመሪያው ዕቃ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የመንገዱ አናጢዎች፣ ከእሳቸው እጅ የተማሩት ሳይቀሩ፣ «ከእንግዲህ ጋሽ ሳንቲ ሜትር ነው የምንላቸው» እያሉ ተሳሳቁ። ጋሽ ሚሊ በሩን አስተካክለው መለሱ፤ በሳምንቱ ልጃቸውንና ምራታቸውን አስቀምጠው ተናገሩ።

«አንዴ ስህተት ነው። ሁለተኛ ከተሳሳትኩ ግን ዓይኔ ሄዷል ማለት ነው። ያን ቀን የሥራ ዕቃዬን ሸጬ እቀመጣለሁ። እንዳትከራከሩኝ።»

ልጃቸው አልተከራከረም፤ እንዲያውም «ቢያርፉ ምን አለበት» አለ። እሷ ግን ለእሳቸው ፈራች። አማቷ ሥራ ፈተው ሲቀመጡ ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች፤ ጉንፋን ሁለት ቀን ቢያስተኛቸው የአልጋውን እግር ሲነቀንቁ ነው የሚውሉት። ለራሷም ፈራች። ዕቃው የተሸጠ ዕለት ከምትወደው ሥራም፣ በዓለም ላይ ከማንም በላይ ከምታደንቃቸው ሰውም በአንድ ጀንበር መለየቷ ነው።

ካፒቴኑ የመጣው ይህ በሆነ በሦስተኛው ወር ነው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ከወደብ ወደብ ጭነት የምታመላልስ ጀልባ አለችው፤ ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቹና እናቱም የሚኖሩት እዚያችው ላይ ነው።

«ስድስት ነን፤ ስድስታችንም በጭናችን ላይ ነው የምንበላው» አለ። «ባለፈው እናቴ ላይ ሾርባ ተደፋባት። ‹ልጄ ሆይ፣ ካፒቴን ነኝ ትላለህ፣ ጠረጴዛ እንኳ የለህም› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን፤ የምንመለሰው በዓመቱ ነው።»

ሌላ አናጢ ቢሆን «ርዝመቱ ምን ያህል ይሁን?» ብሎ ይጀምር ነበር። ጋሽ ሚሊ የጠየቁት «የጀልባህ በር ስፋቱ ስንት ነው?» ብለው ነው። ካፒቴኑ ከት ብሎ ሳቀ። ጓደኛው ያሠራው አልጋ በበር አልገባ ብሎ ወደቡ ላይ ቀርቷል፤ ዘበኛው ይተኛበታል። ጥያቄውን የሰማችው ምራት አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። አማቷ ሲደነቁ ከእሳቸው ይልቅ እሷን ነው ደስ የሚላት።

ለልኬቱ ከምራታቸው ጋር ሄዱ። ጋሽ ሚሊ በሰባ አንድ ዓመታቸው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። በጠባቡ መረማመጃ ላይ ክርናቸውን ይዛ አሻገረቻቸው፤ እሳቸውም ውሃውን ላለማየት ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ተሻገሩ። ከላይ የጀልባው ሠራተኞች በርሜል እያንከባለሉ ጎኗን ይቀባሉ። የመብል ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ጋሽ ሚሊ ዙሪያውን አዩና «ይህን የሠራ ሰው ስኳድራ አልነበረውም እንዴ?» አሉ። እውነትም አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ የለም። የቀኙ ግድግዳ ወደ ላይ እየሰፋ፣ ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል፤ የጠረጴዛው አንድ ጫፍ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ያን ቀን ያደረጉትን ምራታቸው እስካሁን ለሰው ትናገረዋለች። ሜትራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ አሮጌ ካርቶን አወጡ፣ ግድግዳው ላይ አስጠግተው በምላጭ ትንሽ ይቆርጣሉ፣ ያስጠጋሉ፣ እንደገና ይቆርጣሉ። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ከራሷ ላይ አንዲት ፀጉር ነቅለው በካርቶኑና በግድግዳው መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። «በቃ» አሉ። ቀጥለው ውሃ ልካቸውን ወለሉ ላይ አስተኙት። አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። «ወለላቸው ወደ ቀኝ ሁለት ጣት ወርዷል» ብለው በደብተራቸው ጻፉ፤ የቀኙን እግር በሁለት ጣት አስረዝመው ሊሠሩት ነው። የብስ ላይ አርባ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነገር ሲጣመም የሚጠረጥረው ወለሉን ነው።

እንጨቱን ያወጡት ከጣሪያቸው ሥር ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያስቀመጡት ማሆጋኒ። ለምን እንዳስቀመጡት ሲጠየቁ «ለሚገባው» ይሉ ነበር። አሁን ባለቤቱን አገኘ። ገበታውን በበሩ እንዲገባ በሁለት ከፍለው ሠሩት፤ ውስጥ ሲገጠም መጋጠሚያውን ጥፍር እንዳያገኘው አድርገው። ማዕዘኖቹን ሁሉ አድቦለቦሉ፣ ማዕበል ሰው ሲወረውር ጎድን እንዳይሰብር። በዙሪያው አንድ ጣት ከፍ ያለ ክፈፍ አቆሙ፣ ሳህን ተንሸራቶ እንዳይወድቅ። ክፈፉን ግን ጥጎቹ ላይ ክፍት ተዉት። ለምን ስትላቸው «ፍርፋሪ የሚጠርግ ሰው አለ አይደል? በየት በኩል ሊያወጣው ነው?» አሏት። ጀልባ የማያውቁ ሰው፣ ከጠረጴዛው ማን ምን እንደሚፈልግ ቁጭ ብለው አስበውት ነበር።

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። በሦስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው እስከ ልሙጡ፣ የእንጨቱን መስመር እየተከተለች አሸችው። ቫርኒሽ ቀን ወርክሾፑ ሌላ ቤት ነው። ወለሉ አቧራ እንዳያነሳ ውሃ ይረጫል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ማስነጠስ ክልክል ነው። ባሏ አንድ ቀን «እንዴት ዋልሽ» ሊል በሩን ቢከፍት ጫማዋን ወርውራ ለጥቂት ነው የሳተችው። ሰባት ጊዜ ቀባች። በየመሃሉ እያደረቀች፣ እያሸች፣ እየጠረገች። በሰባተኛው ላይ እንጨቱ ከውስጡ መብራት ያለው መሰለ። ጋሽ ሚሊ አጎንብሰው አዩትና «አበላሸሽው፣ አሁን ማን ደፍሮ ይበላበታል?» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ረቡዕ ገጠሙት። ገበታው በበሩ ሲያልፍ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጣት ተርፎት ነበር። የቀኙ ጫፍ ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ተኛ። እግሮቹ በብሎን ከወለሉ ጋር ታሰሩ፤ በብሎኖቹ ራስ ላይ ትንንሽ የእንጨት ክዳን ተመታ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ምራት ብቻዋን ተመልሳ የመጨረሻውን፣ ስምንተኛውን ቅብ እዚያው ላይ ቀባች፣ ክዳኖቹም አብረው እንዲሸፈኑ ብላ። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ መድረቁን ልታይ መጣች።

ቫርኒሽ እንደ ሐሜት ነው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ ወደዚያው ይሰበሰባል። በግራው ክፈፍ ሥር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ክር የምታህል ወፍራም መስመር ሠርቷል። በቀኝ በኩል ምንም የለም። ሌላ ሰው ቢያየው ጌጥ ይመስለው ነበር። እሷ ግን ዘጠኝ ዓመት ቫርኒሽ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አውርዳ በደረቀው የቀኝ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። እርሳሱ ትንሽ አሰበና ወደ ግራ መንከባለል ጀመረ።

ወደ ላይ ወጥታ ካፒቴኑን ጠየቀችው። «ጀልባዋ ዛሬ ጋደል ብላለች እንዴ?»

«ዛሬማ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው፣ እህቴ» አለ። «ጋደል ብላ የነበረው ያን ሰሞን ነው፣ እናንተ ለልኬት የመጣችሁ ጊዜ። ግራ ጎኗን ልንቀባ ብለን በርሜሎቹን ሁሉ ወደ ቀኝ ሰብስበናቸው ነበር። ምነው?»

«ምንም፣ ለቫርኒሹ ብዬ ነው» አለችና ተመልሳ ወረደች።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወለሉ ጥፋት አልነበረበትም። ጋሽ ሚሊ ወለሉን ያስተካከሉ መስሏቸው ጤነኛውን ሰው አክመውታል። ካፒቴኑ አላየም፤ ክፈፉ ሳህን ይይዛል፤ ጀልባ ደግሞ ሁልጊዜ ይወዛወዛል፣ ማን ያውቃል? ዝም ብትል ቅዳሜ ጀልባዋ ትሄዳለች፣ አማቷም ሰኞ መላጊያቸውን ያነሳሉ። እንዲያውም ለአፍታ ያህል፣ አሁን ሲነገራት በሳቅ ትፈርሳለች እንጂ፣ ካፒቴኑን ሁለት በርሜል በቀኝ በኩል ለዘላለም እንዲተው ልትለምነው አስባ ነበር። ለጠረጴዛ ሲባል ጀልባ ይጋደል!

ግን ይህን ሥራ ያስተማሯት ሰው ማንም የማያየውን ነገር በመዳፋቸው ሲፈልጉ ነው ያገኘቻቸው። ከእሳቸው ደብቃ ነገ በየትኛው ዓይኗ ታያቸዋለች? እርሳሷን አንስታ ወጣች።

ወርክሾፑ ስትደርስ ጋሽ ሚሊ መሮ እየሳሉ ነበር።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ግን ቁጭ ይበሉ።»

«ቁጭ ብዬ የምሰማውን ቆሜም እሰማዋለሁ። ተናገሪ።»

«ጠረጴዛው ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ሁለት ጣት።»

መሮው ድንጋዩ ላይ ቆመ። «ማን አየው?»

«እኔ።»

«ካፒቴኑስ?»

«አላየም። የሚያይም አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ሌላ ሰው የሠራው ቢሆን ዝም እል ነበር» አለች። «የእርስዎ ስለሆነ ነው።»

እሷ የበርሜሎቹን ነገር አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። «ዓይንዎ አልሳተም አባባ። ሁለት ጣት አሉ፣ ሁለት ጣት ነው፤ አንዲት ሚሊ አላጎደሉም። የተነቃነቀችው ጀልባዋ ናት።»

«እና ጀልባ እንደሚነቃነቅ ለማወቅ ሰባ አንድ ዓመት አልበቃኝም?» አሉ። መሮውን ጠርገው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። «መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር። በይ፣ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ።»

አርብ ጠዋት ጋሽ ሚሊ መረማመጃውን ብቻቸውን ተሻገሩ። ካፒቴኑን ገና ሳይቀመጡ «ጠረጴዛህን አበላሽቼብሃለሁ፤ ዛሬ አስተካክለዋለሁ» አሉት። ካፒቴኑ ግራ ተጋባ። «ምኑ ነው የተበላሸው? እናቴ ከረቡዕ ጀምሮ ከአጠገቡ አልተነሳችም።» እሳቸው ግን ጥያቄ ነበራቸው። «እናንተ ቀጥ ያለ ነገር ስትፈልጉ ከምን ተነስታችሁ ነው የምትለኩት?»

«ከወለሉ ነዋ» አለ ካፒቴኑ። «ጀልባዋ ስትጋደል እኛም፣ ሳህኑም፣ ወለሉም አብረን እንጋደላለን። ዋናው አብሮ መጋደሉ ነው።»

ጋሽ ሚሊ ደብተራቸውን አውጥተው ይህን ጻፉት። ምራታቸው በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ ነጭ ፀጉራቸውን አጎንብሰው፣ ልጃቸው ከሚሆን ሰው የሰሙትን ቃል በቃል ሲጽፉ። ጎበዝ ሰው ብዙ አይታለች። ሰባ አንድ ዓመቱ ላይ ተሳስቼ ነበር ብሎ የሚማር ግን ከእሳቸው ሌላ አላየችም።

ክዳኖቹን በመሮ ነቀሉ፣ ብሎኖቹን ፈቱ፣ የቀኙን እግር አወጡ። አጭር እግር አይቀጠልም፤ ረጅሙ ነው የሚቆረጠው። ጋሽ ሚሊ መስመሩን በእርሳስ አሰመሩና መጋዙን አነሱ። ከዚያ ቆዩ። እንጨቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። ራሳቸው ያሰመሩትን መስመር እየፈለጉት እንደሆነ ገባት። ጀልባዋ ብትነቃነቅም፣ ዓይናቸውም ሙሉ በሙሉ ንጹህ አልነበረም። ሁለቱም ያውቁታል፤ ካፒቴኑ ደግሞ አጠገባቸው ቆሟል።

«አንቺ ቁረጪው» አሉ፣ ጨው አቀብይኝ እንደማለት ቀለል አድርገው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የደንበኛ ዕቃ ቆርጣ አታውቅም። መጋዙን ተቀበለች። መጋዙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዘለለባት፤ ሦስተኛው ሳብ ላይ መንገዱን ያዘ፣ ከዚያ ከመስመሩ ዝንፍ አላለም። ጋሽ ሚሊ የተቆረጠውን ፊት ዳሰሱትና መልሰው አቀበሏት።

ያው አንድ ነገር ሲነካ ሌላው ይከተላል። ገበታው ሁለት ጣት ሲወርድ የቀኙ ግድግዳ እዚያ ላይ ጠበብ ያለ ነበርና ጫፉ አልገባ አለ። እዚህ ላይ ግን የዓይን ጉዳይ አልነበረም። ጋሽ ሚሊ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ፣ ግድግዳውን በግራ እጃቸው እየዳሰሱ በቀኛቸው መላጊያውን ገፉ። ካርቶን የለም፣ ሜትር የለም። አምስት ጊዜ ገፉ፣ ሞከሩ፤ ሁለት ጊዜ ጨመሩ፣ ሞከሩ። ሰባተኛው ላይ ጫፉ ገብቶ ተኛ። ካፒቴኑ የቢላዋውን ስለት በመካከል ሊያስገባ ታገለ፣ አልቻለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ነው ቀና ያለው። «አባቴ፣ እኔ ሃያ ዓመት ጀልባ ነድቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም» አለ።

ምራት የተሰበሰበውን ቫርኒሽ ልጣ፣ የተላገውን አለስልሳ፣ እንደገና ቀባች። ማታ ላይ እርሳሷን መሃል ላይ አስቀመጠችው። አልተነቃነቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ሊሰናበቱ ሲወርዱ ቤተሰቡ ቁርስ ላይ ነበር። ልጆቹ በቦታ ይጣላሉ፤ ሚስትየው ዳቦ ትቆርጣለች፤ አሮጊቷ ሁለት ክርናቸውን ገበታው ላይ ተክለው ልጃቸውን ስለ አንድ የቆየ ነገር ይወቅሱታል። ስለ ጠረጴዛው አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ሚሊ በሩ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ጥሩ ጠረጴዛ የሚረሳ ነው፤ ሰዎቹ ተደግፈውበት የራሳቸውን ጉዳይ ያወራሉ።

ሞተሩ ተነስቶ ጀልባዋ ስትርቅ ሁለቱ ወደቡ ላይ ቀሩ። የምራት ልብ ግን ከሐሙስ ጀምሮ እንደተንጠለጠለ ነው። አማቷ ዕቃቸውን ስለ መሸጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ ሁለተኛ ከተሳሳትኩ ብለዋል፣ ተሳስተዋል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ቆይተው ወደ መንገዱ ሲታጠፉ ጋሽ ሚሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አሉ።

መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ወርክሾፑን የሚከፍቱት እሳቸው፣ ሰዓት የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ፤ እሷ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «እሺ አባባ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ኖሯት አያውቅም። ፊታቸውን አየችው። እያሾፉ አልነበረም። እንደ ተቀጣሪ፣ በትህትና፣ መልሷን ይጠብቃሉ።

ዕንባዋ መጣ፤ ግን ለእሳቸው በልቅሶ መልስ እንደማይሰጥ ታውቃለች።

«ሁለት ሰዓት ይምጡ፣ አባባ» አለች። «ማርፈድ ግን አልወድም።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ሚሊ።